ሹዋሊድ ቋሚ ወር የለውም

«የሐረር ሹዋሊድ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይከበራል» የሚለው ነገር ሰው ያሳስታል። ይህ የሐረሪዎች በዓል ከረመዳን ቀጥሎ ባለው የሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ ነው የሚከበረው። የሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። በ2016 ሚያዝያ ላይ ዋለ፣ እውነት ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ጥር ላይ ታገኙታላችሁ! ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐረር ያለ ሰው ጠይቁ። ለሹዋሊድ ሄደህ «ቀን ጀጎልን ዞሬ ምንም አላየሁም» ያልከው ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ማታ ነው እኮ። ወደ ሁለቱ ቅዱሳን ስፍራዎች፣ አው ሹሉምና አው አቅበራ ግቢ ሂድ። ከበሮው፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው፣ ዚክሪው (መንፈሳዊ ዜማው) እዚያ ነው፤ የመጨረሻው ሌሊት ደግሞ እስኪነጋ ይዘልቃል። ዩኔስኮ በ2016 የመዘገበውም ይህንኑ ነው። ባይሆን ቀን ተኝተህ ውጣ።