የሠላሳ ሦስት አክሲዮን ጌታ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ንፍሮው ገና ሳይዞር፣ የእድራችን ፀሐፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሹም ሽሩን ሰማህ?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። «ለእኛ ጥሩ ነው» አለ። እኛ ማን እንደሆንን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ለካ ባለአክሲዮኖች ማለቱ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሥር በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ መጠን ደግሞ 33 ነበር። ፀሐፊያችን ትንሹን ገዛ፤ 9,900 ብር። ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ላይ የሚሆነው ሁሉ በእነዚያ ሠላሳ ሦስት አክሲዮኖች ላይ የሚሆን ነው። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ሲነገር ሌላው ሰው «ገዢ ጠፋ» አለ፤ እርሱ «ብርቅ ነን ማለት ነው» አለ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ደወል ተደውሎ ወጋገን ባንክ በቀዳሚነት ሲመዘገብ፣ አንዲት አክሲዮን በሌለው ባንክ ደስ ብሎት ቡና ጋበዘን። የዶላር ምንዛሪ ሲጨምር ይደሰታል፤ ሲቀንስም ይደሰታል፤ ለሁለቱም ማብራሪያ አለው። ነዳጅ በጨመረ ማግስት ከታክሲ ረዳት ጋር ስለ ሂሳብ ሲጨቃጨቅ ይቆይና ወርዶ «ገበያው ይነቃቃል» ይላል።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ተፈናቀለ የሚል ዜና ሲነበብ ግን ፊቱ ይጠቁርና፣ አዝኖ ነው ብዬ ስጠብቅ «ባለሀብት ይሸሻል» ይላል። ባለሀብት! ልጇን አዝላ ስለ ሸሸችው ሴት አንድ ቃል የለውም። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል።

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ብዙዎች የድህነት ተረት ያደርጉታል። እኔ ግን ሰውየው ላም የለኝም አለማለቱ ነው የሚገርመኝ፤ ወተቱን እንጂ ባለቤትነቱን አልካደም። ማለዳ ማለዳ አንገቱን አቅንቶ ደመናውን ሲመረምር፣ ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር «አገሳች» ሲል ይታየኛል።

የሰማይ ላም ከተነሣ ዘንድ የእኔንም ላንሣ። አንድ «በምሥረታ ላይ ያለ» ባንክ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ የተመሠረተውም ስሙ ብቻ ነው። ቢሮው ውስጥ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ኋላ ደግሞ «ጋሼ፣ የመሥራችነት ዕድል በሕይወት አንዴ ነው» የምትል ልጅ ነበረች። በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚባል አምስት በመቶ አስከፈሉን። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ ባንክ የሚያስፈልገውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው የእኛው እዚያው ምሥረታው ላይ ቀረ። ዋናው ገንዘብ ተንቀራፎ ተመለሰ። አምስት በመቶው ግን «አገልግሎቱ ተሰጥቷል» ተብሎ ቀለጠ። ምን ተሰጠኝ? አርማው የታተመበት ኮፍያ ከሆነ ይውሰዱት፤ ራሴ ላይ አልገባም።

ከዚያ በፊት የሰበሰቡንንማ አታንሱብኝ። ጥሪው ለሁለት ሰዓት፣ አዳራሹ የሚሞላው ሻይ ሲቀርብ። ማይክሮፎን የሚይዘው ሰው ዘወትር ያው ነው፤ «አንድ ጥያቄና ሁለት አስተያየት» ብሎ ይነሣል፣ አስተያየቱ ሰባት ይደርሳል፣ ጥያቄው አይመጣም። መድረኩ ላይ ያሉትም «ጥያቄው ተገቢ ነው» ብለው ይመልሱለታል።

ፖለቲካ አክሲዮንን አይነካም አላልኩም። በጃንሆይ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ወረሰ፤ ግብይቱም ታሪክ ሆነ። የዚያ ዘመን ባለአክሲዮን ዜና ቢከታተል ማን ይፈርድበታል? ግን ምን ጠቀመው? ወሬው ሲደርሰው ንብረቱ ተወርሷል።

ስለ ፀሐፊያችን ነበር የማወራው። ሹም ሽሩ ለእኛ ለምን ጥሩ እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ይልቅ ለመጪው የእድር ስብሰባ አጀንዳ አርቅቆ በየቤቱ አዙሯል፤ ሦስተኛው ተራ ቁጥር «የእድሩን ተቀማጭ ወደ አክሲዮን ስለ ማዞር» ይላል። ስብሰባው እሑድ ነው። ሌላ ጊዜ ቀርቼ ቅጣት እከፍል ነበር፤ የዛሬውን ግን ድንኳኑንም እንዳይሸጡት ስል ቀድሜ እገኛለሁ።