የመሞከሪያ ሰርቨር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም!

ኧረ በአላህ አንድ ሰው ይስማኝ! ደሴ ቁጭ ብዬ ኮምቦልቻ ያሉ ሰርቨሮችን ጭምር የማስተዳድር ሰው ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን መሞከሪያ የሚባል ነገር ሳይሰጡኝ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሰርቨር ላይ "እዚያው ሞክረው" እየተባልኩ መሥራት አንገፍግፎኛል።

ነገሩን ለማታውቁት፦ ድሮ እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ እየገባን በእጃችን ነበር የምናስተካክለው። አሁን አንሲብል የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በ2015 ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ የገዛው። የምትፈልገውን ያምል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ ትጽፋለህ (ፕሌይቡክ የምንለው ይህንን ነው)፣ እሱ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ወደ ሰርቨር በሚያስገባው በር፣ እየገባ ሁሉንም ሰርቨር አንድ ዓይነት ያደርግልሃል። ግሩም ነገር ነው። ግን ትክክሉን ለሁሉም በአንዴ እንደሚያዳርስ፣ ስህተቱንም ለሁሉም በአንዴ ነው የሚያዳርሰው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሌላ ቦታ መሞከር ያለበት።

ባለፈው የሆነውን ስሙኝ። የኤስኤስኤች ጥበቃችሁን አጠናክሩ ተባልን። ከሰርቨሮቻችን ገሚሶቹ አዲስ ናቸው፣ ገሚሶቹ ግን ድጋፉ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ያበቃ፣ ሴንትኦኤስ 7 የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለባቸው ናቸው። "የአሮጌውን አምሳያ የምናስነሳበት አንድ ማሽን ስጡንና እሱ ላይ እንየው" አልን። መልሱ "አብሽሩ፣ ለአንድ መስመር ምን መሞከሪያ ያስፈልጋል? አንሲብል ምንም ሳይነካ የሚሞክርበት ቼክ ሞድ አለው ስትሉ አልነበር? ቀጥታ ልቀቁት" ሆነ።

ቼክ ሞዱ በሰላም አለፈ። ማለፉ አይቀርም! ቼክ ሞድ ፋይሉ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም የሚለውን ነው የሚነግርህ፤ ከተቀየረ በኋላ ሰርቪሱ ይነሳ እንደሆነ አያውቅም። ሼል ላይ የሚሠሩትን ትእዛዞችማ ጭራሽ ዘሏቸው ነው የሚያልፈው። የጨመርናት መስመር የትኞቹ የመግቢያ ቁልፍ ዓይነቶች ተቀባይነት እንዳላቸው የምትወስነው፣ ፐብኪይ-አክሰፕትድ-አልጎሪዝምስ የምትባለዋ ናት፤ በዚህ ስሟ የመጣችው የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤች 8.5 ላይ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያለው ደግሞ 7.4። የማያውቃት መስመር ስትመጣበት "ባድ ኮንፊገሬሽን ኦፕሽን" ብሎ አልነሳም አለ። ኤስኤስኤች ካልተነሳ አንሲብልም መግቢያ የለው፣ እኛም መግቢያ የለን።

ከዚያማ ምን ይደረጋል፣ ሚኒባስ ተይዞ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኮምቦልቻ። ጉሙ ደግሞ መንገዱን ውጦታል። ደርሰህ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል። ሲመጣ ሞኒተር ከአንዱ ቢሮ፣ ኪቦርድ ከሌላው ቢሮ ለምነህ፣ መሬት ላይ ተንበርክከህ አንዲት መስመር ትሰርዛለህ። ያቺን መስመር መሞከሪያ ማሽን ላይ ብናያት ኖሮ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር።

"ቫሊዴት ማድረግ ነበረባችሁ" የምትሉ ባለሙያዎች ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ፋይሉ ቦታው ከመግባቱ በፊት አጻጻፉን ስለሚያስፈትሽ ይህችን አይነቷን ይይዛል። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው የፋየርዎል ሕግ ሲቀየርስ? የኔትወርክ አድራሻ ሲቀየርስ? አጻጻፉ ምንም እንከን ሳይኖርበት በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋብህ ቅያሬ ስንት አለ! እሱ የሚታወቀው ማሽን ላይ ሲሮጥ ብቻ ነው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ደግሞ በጀት የለም መባሉ ነው። ማን ግዙልን አለ? ንብረት ክፍል ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር፣ የንብረት ቁጥር የተለጠፈባቸው ዴስክቶፖች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ራም ተጨምሮላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ሰክቼ አይቸዋለሁ፣ ይነሳል። የንብረት ክፍሏ እትዬ ምስኪን "የኔ ልጅ፣ እኔ ምን ከፋኝ፣ የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 ሳይቆረጥ እንዴት ላውጣልህ?" ይሉኛል። እንዳይቆረጥ ደግሞ ዕቃው ለማስወገድ ተመዝግቧል። እንዳይወገድ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። እሳቸው ላይ አልፈርድም። ፊርማ ያለው ሰው ግን አንድ ደብዳቤ መጻፍ እንዴት ይከብደዋል?

እሺ ብለን በገዛ ላፕቶፓችን እንሠራለን። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስለውን ቨርቹዋልቦክስ ጭነን፣ እሱን በሚያዝልን በቫግራንት ሁለት ሦስት ትንንሽ ምናባዊ ማሽን እናስነሳለን፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ አይከብደውም። የሚከብደው ማውረዱ ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ በራስህ ዳታ ትጀምረዋለህ። ማሽኑ በመነሳት ላይ እያለ መብራት ይጠፋል። ዩፒኤሱ ደግሞ የት ነው? ስብሰባ አዳራሽ ስፒከር ተሰክቶበታል! ኮንቴይነር የሚባሉ ቀለል ያሉ ማሽን መሰል ክፍሎችን በሚያስነሳው በዶከር ሥሩ የሚሉንም አሉ፤ እንሠራለን፣ ግን ኮንቴይነር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ የለም፤ የኛ ጣጣ ደግሞ ሰርቪስ ይነሳል አይነሳም ነው።

አለቆቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሥራ ላይ ያለውን የሚመስል፣ አሮጌውም አዲሱም ሲስተም ያለበት ማሽን። እሱ ላይ ፕሌይቡኩን እናሮጠዋለን፤ ደግመን ስናሮጠው "ቼንጅድ" የሚለው፣ የተቀየረውን ነገር የሚቆጥረው፣ ዜሮ መሆኑን እናያለን፤ ማሽኑን ሪስታርት አድርገን መነሳቱን እናረጋግጣለን፤ ከተበላሸ ቀድመን ወዳስቀመጥነው ቅጂ (ስናፕሾት) እንመልሰዋለን። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሰርቨር የሚነካው።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ የሴንትኦኤስ 7 እና የኡቡንቱ 22.04 ቦክስ፣ ማለትም በቫግራንት የሚነሳ ዝግጁ ማሽን፣ ሃርድ ዲስክ ላይ አለኝ። ዳታችሁን አታቃጥሉ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑና ፒያሳ እሰጣችኋለሁ። ኢንቦክስ አድርጉኝ። ከንብረት ክፍል ማሽን በደብዳቤ ማስወጣት የቻላችሁ ካላችሁ ደግሞ ደብዳቤውን ላኩልኝ፤ ሰኞ ጠዋት እኔም አስገባለሁ።