መኪና መቁጠር ብቻ አይበቃም

ሰዉ ከነዳጅና ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እየተቀየረ እንደሆነ የሚያወራው ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ግን ይህን የአኗኗር ለውጥ የለካው በገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዛት ብቻ ነው። እኔ ይሄ አይበቃም ባይ ነኝ። በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ሲነገር ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር፤ ዛሬ እኛ ሰፈር በየአጥሩ የቻርጀር ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወንድሜም አንድ ገዝቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ደስ ብሎት ይነዳል፣ ማታ ሰክቷት ይተኛል፣ የማደያ ሰልፍ ቀረለት። ደሴ እናታችን ጋ ሲሄድ ግን መኪናዋን ግቢ አቁሞ በአውቶቡስ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ያውም የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ፣ ባትሪው መሀል ላይ ቢያልቅበት የት ይሰካል? በቆጠራው ግን "ተቀይሯል" ተብሎ ይገባል፣ የክፍለ ሀገር ጉዞው ገና በናፍጣ ሆኖ ሳለ።

ወጥ ቤትም እንደዛው ነው። እኛ ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከጀመርን ስንት ዓመታችን። መብራት ሲጠፋ ግን ያቺ ከበር ኋላ የተቀመጠች የከሰል ማዳበሪያ ትወጣለች፤ ለቡና ደግሞ መብራት ኖረም አልኖረም ከሰል ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ከከሰል መላቀቅ ትልቅ ነገር ነው፣ ጫካ ያተርፋል። ስለዚህ አጥኚዎች እባካችሁ ቤት ለቤት ጠይቁ፦ በወር ስንት ከሰል ገዛችሁ? ክፍለ ሀገር በምን ሄዳችሁ? በዓመቱም እነዛኑ ቤቶች ተመልሳችሁ አንኳኩ።