ልጁ በ16 ዓመቱ ከቤት ይውጣ?

ካናዳ ውስጥ የአይስ ሆኪ (በበረዶ ላይ የሚጫወቱት) ተጫዋች መሆን የሚፈልግ የትንሽ ከተማ ልጅ ብዙ ጊዜ በ16 ዓመቱ ከቤቱ ይወጣል። ይህ መንገድ ለባህር ዳር የኳስ ልጆች ይሆናል ወይ? አንድ የሰፈር አሰልጣኝና አንዲት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ተከራክረውበታል።

አሰልጣኙ፦ ይሆናል እንጂ! የሆኪውን ኮከብ ሲድኒ ክሮዝቢን እዩት። ያደገው ኮል ሃርበር በምትባል ትንሽ የኖቫ ስኮሺያ ከተማ ነው። ምድር ቤታቸው ውስጥ ያለውን የልብስ ማድረቂያ በፓክ (ያ ጠፍጣፋ ጎማ ነው) ሲደበድብ አደገ። ሌላው የሆኪ ኮከብ ዌይን ግሬትዝኪም ብራንትፎርድ ውስጥ አባቱ ጓሮ ላይ ውሃ እያፈሰሰ በሠራለት በረዶ ላይ ተማረ። በ14 ዓመቱ ግን ቶሮንቶ ገባ። ጓሮው ጠበበዋ!

እኔስ? ሽምብጥ ላይ ነው የማሰለጥነው። ባለፈው ሳምንት ኳሳችን ጣና ውስጥ ገባች። አንድ የታንኳ ሰው በዘንጉ እየገፋ እስኪያመጣልን ልጆቹ ዳር ላይ ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ልምምዳችን ግማሹ እንዲህ ያልቃል። ኅዳር 2012 እዚሁ ባህር ዳር ስታዲየም ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ እነዚህ ልጆች ጥርሳቸውን ገና አልቀየሩም ነበር። ጩኸቱ ግን እስካሁን ጆሯቸው ላይ አለ።

አስተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የጠሩልን የደረሱትን ነው። የቀሩትስ? ኤንኤችኤል፣ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ 32 ቡድን አለው። ቡድኖቹ በየዓመቱ በየተራ እየመረጡ በ7 ዙር 224 ልጅ ይወስዳሉ፣ ያውም ከመላው ዓለም። ከእነሱም ስንቱ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ ይቀራል። ከታች ያሉት ሊጎች ውስጥ ደግሞ በአውቶብስ ከከተማ ከተማ መንገላታት ነው። ውድድሩ ሲዘጋ ሌላ ሥራ የሚፈልግም አለ።

ደግሞ የዘለሉት ነገር አለ። እዚያ ልጁ ዝም ብሎ አይወጣም። ቡድኑ የሚያሳድር ቤተሰብ ይፈልግለታል። እዚያ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ይሄዳል። በምዕራብ ካናዳ የወጣቶች ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 68 ጨዋታ አለ። ግን በተጫወተበት በእያንዳንዱ ዘመን ልክ የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ይያዝለታል።

የኔ ተማሪስ? ከ10ኛ ክፍል አንድ ሰው "ሙከራ አለ" ብሎ አዲስ አበባ ወሰደው። ስድስት ሆነው አንዲት ክፍል ውስጥ ሲያድሩ ከረሙ። በሦስተኛው ወር ደወለልኝ፦ "ቲቸር፣ አሁን ብመለስ ትቀበሉኛላችሁ?"

አሰልጣኙ፦ አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሩ ወርቅ ነው። ተበድሏል፣ አልክድም። የበደለው ግን ደላላው ነው እንጂ መንገዱ አይደለም፣ እህቴ። ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ስንት ልጅ አለ? እኔን በ18 ዓመቴ እናቴ ከለከለችኝ። (ዛሬም "ደግ አደረግኩ" ትላለች።)

አስተማሪዋ፦ እንግዲያውስ ማን ቤት እንደሚያድር በወረቀት ይጻፍ። መሸኛውንም ክለቡ ራሱ መጥቶ ይውሰድ፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባውም ይንገረኝ።

አሰልጣኙ፦ እንዲህማ ከሆነ ማንም አይወስደውም።

አስተማሪዋ፦ ይቅራ! በ10 ሰዓት እርስዎ ሜዳ ላይ ነው። ማታ እኔ ጋ ሂሳብ ያጠናል። ትናንት ግን ጫማው ተቀዷል አለኝ፣ እስቲ እሱን ይዩለት።