ታልሙድን ዝም ማሰኛ ያደረጉት

በቅርቡ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች በአማርኛ በተሰጠ አንድ የሃይማኖት ትምህርት ላይ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ አያቷ ጎንደር ሳሉ ዶሮ ወጥ በቅቤ ይሠሩ እንደነበር ጠቅሳ፣ ሥጋን ከወተት ጋር መብላት በአይሁድ ሕግ ክልክል ስለሆነ ይህ እንደ ኃጢአት ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች። መምህሩ የሰጧት መልስ ከጥያቄዋ ያጠረ ነበር፤ «አባቶቻችን ባለማወቅ ያደረጉት ነው። ታልሙድ አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ ታልሙድ በተናገረበት ጉዳይ ክርክር የለም» አሏት። ጥያቄው በዚያው ተዘጋ። ይህን መልስ ከአንድ ተራ ምእመን ብሰማው አልፈው ነበር፤ ለማስተማር ከተቀመጠ ሰው ሲመጣ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ትምህርትና ክርክር በተሰበሰበበት በታልሙድ ላይ ብዙ ዓይነት ነቀፌታ ሲሰነዘር እንሰማለን። ክርክር የለበትም የሚለው ግን መጽሐፉን አንድ ጊዜ የገለጠ ሰው ሊናገረው የማይገባ ነገር ነው። በራኾት የተባለው የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚለው የማታው ጸሎት፣ ሽማዕ፣ ከመቼ እስከ መቼ ይነበባል በሚል ጥያቄ ነው፤ ማብቂያውን በተመለከተም ወዲያው ሦስት መልስ ይሰጣል። ረቢ ኤሊዔዘር እስከ መጀመሪያው የሌሊት ክፍል ማብቂያ ይላሉ፤ ሊቃውንቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይላሉ፤ ረባን ጋምልኤል ደግሞ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ይፈቅዳሉ። በቀን አንድ ቅጠል እያነበቡ የሚዘልቁት ሰዎች 2,711 ቀን የሚፈጅባቸው መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ሦስት ድምፅ ያሰማል። የመምህሩ «አንድ ቃል» ከየትኛው ቅጠል እንደተገኘ ቢነግሩን ደስ ይለን ነበር።

የገጹን አቀማመጥ ማየት ብቻ እንኳ ይበቃ ነበር። በ1880ዎቹ ቪልና ውስጥ ታትሞ ዛሬም አብዛኛው ተማሪ በሚይዘው እትም፣ ጥንታዊው የሕግ ስብስብ ሚሽናውና በእርሱ ላይ የተደረገው ውይይት ገማራው መካከል ላይ ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ወገን የፈረንሳዩ ሊቅ የራሺ ማብራሪያ፣ በሌላው ወገን ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት የቶሳፎት ሊቃውንት ማብራሪያ ይወርዳል። ከቶሳፎት ሊቃውንት ዋነኛ የሆኑት ረቤኑ ታም የራሺ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ሆኖም በጸሎት ጊዜ በክንድና በራስ ላይ በሚታሰረው በቴፊሊን ውስጥ የሚገቡት አራቱ የብራና ጽሑፎች በምን ቅደም ተከተል ይቀመጡ በሚለው ነገር ከአያታቸው ጋር አልተስማሙም። ድፍረት ነው ብሎ ከገጹ ላይ ያወጣቸው የለም፤ ይልቁንም እስከ ዛሬ ድረስ በሁለቱም ሥርዓት የተሠራ ቴፊሊን የሚያስሩ ጥንቁቅ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ዶሮው ልምጣ፤ ምክንያቱም መምህሩ ክርክር የለበትም ብለው የመረጡት ምሳሌ፣ ታልሙድ ራሱ በስፋት ከተከራከረባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ስለ ሰንበት በሚናገረው ክፍል 130ኛው ቅጠል ላይ እንዲህ ይላል፦ በረቢ ኤሊዔዘር አገር ለግርዛት የሚሆነውን ብረት ለመሥራት በሰንበት ቀን እንጨት ቆርጠው ከሰል ያከስሉ ነበር፤ በገሊላዊው ረቢ ዮሴ አገር ደግሞ የወፍ ሥጋ ከወተት ጋር ይበሉ ነበር። የረቢ ዮሴ ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ኦሪት የከለከለው ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ነው፤ ወፍ ደግሞ የእናት ወተት የላትም።

ገማራው በዚህ ሳይበቃው አንድ ታሪክ ይጨምራል። ሌዊ የተባሉት ሊቅ ወፍ አዳኝ ከነበረው ከዮሴፍ ቤት በእንግድነት ገቡ፤ ማዕድ ሲቀርብ የጣዎስ ራስ በወተት ተሠርቶ መጣላቸው። ሌዊ አልበሉም። በኋላ ሚሽናን ወዳጠናቀሩት ወደ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ሄደው ያዩትን ቢነግሯቸው፣ ረቢ ይሁዳ «ታዲያ ለምን አላወገዝካቸውም?» ብለው ጠየቋቸው። ሌዊም «አገሩ የረቢ ይሁዳ ቤን በቴራ ነው፤ ምናልባት እንደ ገሊላዊው ረቢ ዮሴ አስተምረዋቸው ይሆናል ብዬ ነው» ሲሉ መለሱ።

ይህን ታሪክ ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ሌዊ ለራሳቸው የተማሩትን ሥርዓት ጠብቀዋል፤ ሳህኑን አልነኩም። ነገር ግን የቤቱን ባለቤት አላዋቂ አላሉትም፤ በሕዝቡም ላይ ውግዘት አላወጡም። ከሁሉ በላይ የሚገርመው እርግጠኛ እንኳ አለመሆናቸው ነው። ለዚያ አገር ሰው እንዲህ ያለ ትምህርት መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም፤ የነበራቸው «ምናልባት» ብቻ ነው፤ ለማያውቁት ሕዝብ በጎ ግምት ለመስጠት ያ በቅቷቸዋል። የእኛ መምህር ግን የእንግድነት ሳይሆን የልጅነት ዝምድና ላላቸው ለጎንደር እናቶች አንዲት «ምናልባት» ነፈጓቸው።

የመምህሩ ደጋፊዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፦ የገሊላው ሰዎች ሊቅ ነበራቸው፤ የእኛ ሰዎች ግን ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ስለዚህ ልማዳቸው ከትምህርት የመጣ አይደለም። ይህ ክርክር ከመጀመሪያውም የባሰ ደካማ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ ያነቡ ነበር፤ ያ ስለ ጠቦት የተነገረው ትእዛዝ በኦሪት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቄሶቻችን በዚያ ትእዛዝ ላይ ተመሥርተው አንድ ታላቅ የሚሽና ሊቅ ከደረሱበት ሐሳብ ከደረሱ፣ ያለ ረቢ ደረሱ ይባል እንደሆነ እንጂ ያለ ዕውቀት ደረሱ ሊባል አይችልም። የገሊላው ሰው ሲያደርገው አስተያየት፣ የወገራው ሰው ሲያደርገው ድንቁርና የሚሆንበትን ሕግ ከየት አመጡት?

ሌላው የሚጠቀሰው የአክናይ ምድጃ ታሪክ ነው። ረቢ ኤሊዔዘር ስለ አንድ ምድጃ ንጽሕና ከሊቃውንቱ ጋር ተከራክረው፣ ከሰማይ ድምፅ መጥቶ ቢመሰክርላቸውም ሊቃውንቱ «በሰማይ አይደለችም» ብለው በብዙኃኑ ድምፅ ረቷቸው፤ በመጨረሻም ተወገዙ። እንግዲህ የተለየው ሰው መጨረሻው ውግዘት ነው ይሉናል። ታሪኩን ግን ከተቀመጠበት ቦታ ነቅለው ነው የሚነግሩን። ገማራው ይህን ታሪክ ያስገባው ሰውን በቃል ማቁሰል የሚያስከትለውን ኃጢአት እያስተማረ ሳለ ነው፤ ከውግዘቱም በኋላ በረቢ ኤሊዔዘር ኀዘን ምክንያት የደረሰውን ጥፋት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ያ 130ኛው ቅጠል ደግሞ፣ በእስራኤል ምድር የኚሁኑ የተወገዙትን ሊቅ ሥርዓት የሚከተል አንድ ከተማ እንደነበረና ሰዎቹ ያለ ዕድሜያቸው እንዳልሞቱ፣ ግርዛትን የከለከለው የክፉው መንግሥት አዋጅም እንዳልነካቸው ይመሰክራል። ተሸናፊውን ሥርዓት የጠበቀውን ከተማ የባረከ መጽሐፍ ነው እንግዲህ የዝምታ ማዘዣ የተደረገብን።

በተግባር አንድ ሥርዓት መያዝ እንዳለበት አልክድም። ዛሬ ሃላካ፣ ማለት የአይሁድ ሕግ፣ የወፍ ሥጋን ከወተት ጋር መብላት ይከለክላል፤ በእኔም ቤት ዶሮ የሚሠራው በዘይት ነው። ግን የሥርዓት ሁሉ ማጠቃለያ የሚባለው፣ ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጁትና በ1565 ቬኒስ ላይ የታተመው ሹልሐን አሩኽ እንኳ ዛሬ የሚታተመው የክራኮው ረቢ ሞሼ ኢሴርለስ «እኛ ግን እንዲህ እናደርጋለን» እያሉ ከጨመሩበት ማስታወሻ ጋር ነው።

ደግሞስ ይህን ክርክር የለም የሚለውን ቃል ከሰው ሁሉ ይልቅ እኛ እንዴት እንቀበለዋለን? ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው የሚለው ውሳኔ የተገኘው በዚሁ የክርክር መንገድ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከኢትዮጵያ ተማርካ ስለመጣች አንዲት ሴት ተጠይቀው የሰጡትን መልስ፣ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አንሥተው አይሁድነታችንን አጸኑ። በዘመኑ ያልተስማሙ ታላላቅ ረቢዎች ነበሩ። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ወደ እስራኤል ካመጣው ከሙሴ ዘመቻ በኋላም የእስራኤል የሃይማኖት ባለ ሥልጣን የሆነው ዋናው ረቢነት የመንጻት ጥምቀት ካልፈጸማችሁ አናጋባችሁም ባለ ጊዜ፣ ቄሶቻችንና ሽማግሎቻችን በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተከራከሩ። ያኔ በተናገርንበት ጉዳይ ክርክር የለም የሚለውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ቢገቡ ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር መምህሩ አይጠፋቸውም።

ቄሶቻችን ዛሬም በእስራኤል ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን የላቸውም፤ ያ ራሱን የቻለ በደል ነው። በትምህርቱ በኩል ግን የማንንም ፈቃድ ሳንጠብቅ ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ። ልጆቻችን የሺቫ በሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ታልሙድ ይማራሉ፤ ይማሩ። የታልሙድን የሰንበት ትምህርት ቤተ እስራኤል ከሚያከብሯቸው መጻሕፍት ከትእዛዘ ሰንበትና ከኩፋሌ ጎን አስቀምጦ የሚያስተምራቸው ግን አላየሁም። ኩፋሌ ባልና ሚስት በሰንበት እንዲራራቁ በብርቱ ያዝዛል፤ ታልሙድ በአንጻሩ ለሊቃውንት የተገባው ጊዜ የሰንበት ሌሊት ነው ይላል። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጓቸው፤ ረቢውም ቄሱም ይቀመጡ፤ ተማሪዎቹም የፈለጉትን ያህል ይጠይቁ።