«ጋሼ፣ ልልቀቀው?»

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ የቀድሞ ጎረቤቴ ልጅ መጣች። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስታጠና ነው የዋለችው። ማኪያቶዋ እስኪመጣ እንኳን አልጠበቀችም። ስልኳን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝና «ጋሼ፣ አንብበው እስቲ። ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው?» አለችኝ።

16 ዓመቷ ነው። የጻፈችው ከዶሮ ማነቂያ ስለ መነሳታቸው ነው። በ2016 ፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ ከተነሱት ቤተሰቦች ውስጥ ናቸው፤ አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጽሑፉ እስከ ግማሽ ድረስ ስለ ሰፈሩ ያወራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ አባቷ ነው፣ ከሰፈሩ ከወጡ ወዲህ መጠጥ ስለ መጀመሩ።

(ይህን የምጽፈው እሷም እናቷም ፈቅደውልኝ ነው። ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ፣ የትኞቹን እንደሆነ አልናገርም። «አባት» ያልኩት ሰው አባት ላይሆን ይችላል።)

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ተይው» ነበር። በእኔ እድሜ ያለን ሰዎች ያደግነው ገበና በሚለው ቃል ነው። የቤት ነገር ከቤት አይወጣም። አባትህ ሲጠጣ ጎረቤት ያውቃል፣ እድርተኛው ያውቃል፣ የንስሐ አባትም ያውቃሉ፤ ግን ማንም አያነሳውም፣ አንተም እንዳላወቁ ቆጥረህ ቀና ብለህ ትሄዳለህ። ይሄ ነገር የስንት ቤተሰብ ክብር እንዳቆመ አይቻለሁ። ስንት ልጅ ብቻውን ታፍኖ እንዲያድግ እንዳደረገም አይቻለሁ። ስለዚህ «ተይው»ን ዋጥኩትና እንደ ሥራዬ አነበብኩት። ሥራዬ አርታኢነት ነው፤ የሰው ጽሑፍ መሰረዝ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሕይወት ትግል ናት» ይላል። ሰረዝኩት። ቀጥሎ «ሁሉም ለበጎ ነው» ይላል። እሱንም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፣ ግን ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ አንድ ቦታ ደረስኩና ቆምኩ። ዶሮ ማነቂያ ሳሉ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነበር። እናቷ ከግቢው ቧንቧ ወረፋ ለመያዝ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። አዲሱ ቤት ቧንቧው የራሳቸው ነው፣ በርሜልም ገዝተዋል። እናትየው ግን አሁንም 10 ሰዓት ትነሳለች። ጀሪካን የለም፣ ወረፋ የለም፣ እየተንጫጩ የሚያወሩት ጎረቤት የለም፤ ጨለማ ውስጥ ወጥ ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቆማ ትቆይና ተመልሳ ትተኛለች። ልጅቷ ይሄን በአራት መስመር ነው የጻፈችው፣ አንድም ቦታ «ያሳዝናል» ሳትል።

«ከዚህ ጀምሪ» አልኳት። «ትግሉን ማንም ይጽፈዋል። ይሄን ግን ካንቺ በቀር ያየ የለም።»

ቀጥሎ የተከራከርነው በስም ነው። «ስሜን መቼ አወጣሁ፣ በብዕር ስም ነው የምለቀው» አለች። ጥሩ። ግን ጽሑፉ ውስጥ የዩኒፎርሟ ቀለም አለ። ታክሲ የምትይዝበት ቦታ አለ። እናቷ ምን እንደምትሠራና የት እንደምትሠራ አለ (እዚህ አልደግመውም)። ልጆች አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ይመስላቸዋል። እዚህ አገር ሰው በስሙ መቼ ታውቆ ያውቃል፤ «ያቺ እዛ ጋ የምትሠራው ሴትዮ ልጅ» ተብሎ ነው የሚታወቀው። ለሰፈር ሰው ሦስት ነገር ንገረው፣ አራተኛውን ራሱ ይሞላዋል። የብዕር ስም የሚሰውርሽ ከማያውቁሽ ሰዎች ነው፣ አንቺ ደግሞ የምትፈሪው የሚያውቁሽን። ይህን ስላት ሳቀች፣ ግን የዩኒፎርሙን መስመር እዛው ፊቴ አጠፋችው።

«ችግር ከመጣ ደሞ አጠፋዋለሁ።» ይሄኛው የሁሉም ልጅ መልስ ነው። ቴሌግራም ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቻናልን መተግበሪያው የሌለው ሰው እንኳን በድረ ገጽ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ከቻናልሽ ስታጠፊው ሰዎች ሌላ ግሩፕ ላይ ፎርዋርድ ያደረጉት አብሮ አይጠፋም። ፎርዋርድ ማድረግን የሚከለክል ማስተካከያ አለ፣ አብሪው። በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ግን ምንም ማስተካከያ አይከለክልም።

እግረ መንገዴን ለወላጆች አንድ ነገር ልናገር። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት ሲከፍት ከመነሻው ዝግ ያደርግለታል፣ ቀጥታ መልእክትም አይፈቅድለትም። ጥሩ ነው። ግን የእኛ ልጅ የተወለደበትን ዓመት ሲጠየቅ ምን ይሞላል? በእኛ አቆጣጠር 2005 ብሎ ይሞላል። መተግበሪያው ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚያነበው። ልጁ ሳይዋሽ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርለታል፤ ለልጅ ተብሎ የተቀመጠው አጥርም ሁሉ ይነሳል። የታናሽ ወንድሟ አካውንት እሷ ስልክ ላይ ስለነበር ከፈትነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ቲክቶክ ላይ 21 ነው።

ወደ አባቷ ልመለስ። ብዙ የቆየነው እዚህ ላይ ነው።

«አባትሽ ይሄን ቢያነበውስ?»

«አባቴ ቴሌግራም የለውም።»

«ጓደኞቹስ?»

ዝም አለች። የጻፈችው ውሸት ነው አላልኩም። ጠጥቶ ይሁን ሳይጠጣ፣ ደረጃውን ሲወጣ ከጫማው ድምፅ ብቻ እንደምታውቅ ጽፋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰረዝኳቸው ጸሐፊዎች ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ይዞልኝ የመጣ ጥቂት ነው። ግን አንድ ትልቅ ሰው ድሮ ስለነበረ አባቱ ሲጽፍ ሌላ ነው። አባትየው ወይ ሞቷል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ታርቀዋል፤ ልጁም የራሱ ቤት አለው። እሷ ዛሬ ማታ ከዚሁ ሰውዬ ጋር ከአንድ ትሪ ነው እራት የምትበላው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት መጠጡን ይተው ይሆናል፣ ያኔ ሰዎች የሚያስታውሱት ግን ልጁ የጻፈችውን ነው። ሰውየው ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረም።

ስለዚህ ምን አልኳት፦ አትቅደጂው፣ ደብተር ላይ ገልብጪው፣ ቀን ጻፊበት፣ አስቀምጪው። ዛሬ ማታ ከትሪው ማዶ ያለው ሰው ቢያነበው ቀና ብለሽ ልታይው የምትችይውን ብቻ ልቀቂ። ሌላው ይጠብቅ። ፊቷ ላይ ቅሬታ ነበር፣ አልደበቀችውም።

መሃል ላይ አንድ አስተማሪ በስሙ ተጠርቶ ተሰድቧል። እሱን ያለ ክርክር አስወጣሁት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍ በኮምፒውተር ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል፣ ተበዳይ ነኝ ያለው ሰው ካመለከተ። አዋጁ ለእሷም ይሠራል፤ እየጻፈ የሚያስፈራራት ሰው ቢመጣ የምታመለክተው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። አባት ጠጥቶ መግባቱ ሌላ፣ ሰው ልጅን መጉዳቱ ሌላ። የሚደበድብ ወይም የሚነካካ ሰው ካለ ገበና የሚባል ነገር የለም፣ መነገር አለበት። ብቻ መጀመሪያ የሚሰማው ቻናል አይሁን። ኮመንት የሚሰጠው «አይዞሽ እህቴ» እና የልብ ስዕል ነው፣ እሱም እስከ ማታ ነው። ኢንቦክስ ደግሞ ማን እንደሚገባ አይታወቅም፤ የተከፋች ልጅ አነፍንፎ የሚፈልግ አዋቂ አለ፣ መጀመሪያ የሚጽፈውም እጅግ ደግ ሆኖ ነው። አክስት ይሁን፣ መምህርት ትሁን፣ ፊቱን የምታይው አንድ ሰው ይቅደም። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ድጋፉን አንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለ፣ ከስታዲየም ብዙም አይርቅም።

«አንቺ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። የለም አለች። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኳት። የለም። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ «ሕይወት ትግል ናት»ን ከመሰረዜ በፊት ነበር። እኔ ግን ማኪያቶው ካለቀ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የአርታኢ ነገር።

ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። የውሃውን ክፍል ለእናቷ አንብባላት ነበር። እናትየው እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና «10 ሰዓት አይደለም፣ 9 ተኩል ነው። በ10ማ ወረፋው ሞልቶ አልነበር እንዴ» አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰዓት ስለ ጎረቤቶቻቸው ስታወራ አመሸች፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን ስልክ እንደማያነሳ።

እኔ የሰፈሩንም ስም እንድታወጣው መክሬያት ነበር። እናትየው እዚህ ላይ ተቆጣች። «ዶሮ ማነቂያን ካወጣሽውማ ምኑን ጻፍሽው?»

ተሸነፍኩ። ዩኒፎርሙና ታክሲው የሉም፣ ሰፈሩ ግን እዛው አለ። የአባቷ ክፍል ደብተሩ ውስጥ ነው። ጽሑፉ አሁን የሚጀምረው «እናቴ 9 ተኩል ትነሳለች» ብሎ ነው።