ልጅ ለአዳሪ፣ ወላጅ ለብድር

ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምት ሲገባ ሰው የሚያወራው ስለ ማዳበሪያና ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር። አሁን ሁለት የልጅ አባቶች ከተገናኙ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳይጨርሱ «የት ልታስገባው አሰብህ?» ይባባላሉ። ማኅበር ቤት ጠላው ሳይቀዳ ጉዳዩ ይነሣል። ለቅሶ ቤትም ቢኬድ ያው ነው። ባለፈው አንድ ድንኳን ውስጥ ጎኔ የተቀመጡ ሰው ስለ ሟች ሲነግሩኝ «ሦስቱንም ልጆቹን በአዳሪ ትምህርት ቤት አስተምሮ ነው የሞተው» አሉኝ። ሙገሳው ይሁን የሞቱ ምክንያት አልለየልኝም፤ ለመጠየቅም ቦታው አልነበረም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ጊዜ «ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው፣ ልጆቹ ደንግጠው ነው» ተብሎ ተጽናናን። በ2015 ዓ.ም. ድንጋጤው ተለመደና ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ሁሉ «ያ ከመቶ ሦስቱ ልጅ የት ነው የሚበቅለው?» እያለ ማሰስ ጀመረ። ያሰሰውም ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ በር ላይ ደረሰ፤ የአዳሪ ትምህርት ቤት በር ላይ።

እህቴና ባለቤቷም ደረሱ። ወንዱ ልጃቸው 8ኛ ክፍልን ጨርሷል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ተጠራ፤ እኔም አጎት ነኝና ተገኘሁ። ልጁ ስለ ራሱ ጉዳይ እንዳይሰማ ለስላሳ እንዲገዛ ተላከ። የሚያስገርመው ነገር፣ አንድ ትምህርት ቤት እየተመረጠ በዚያ ሳሎን ውስጥ ስለ ትምህርት የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባትየው የፈለገው ኳስ ማሳያ ቤት በአካባቢው የሌለበትን ነው። እናትየው ሐኪም ቤት የሚቀርበውን ትፈልጋለች። አያት የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚሰማበትንና ረቡዕና ዓርብ ጾም የማይሻርበትን። ነጋዴው አጎታችን ደግሞ ክፍያውን ጠይቆ ሲነገረው ፊቱ ቅር አለው። «በዚህ ዋጋማ ምን ያስተምራሉ? ከዚህ የሚወደደውን ፈልጉ» አለ። የሚከፍለው እሱ አለመሆኑን ያስታወሰው የለም።

ከለንደን ለዕረፍት የመጣ የአክስታችን ልጅም ነበር። እሱ ነገሩን ከሥሩ አስረዳን። እንግሊዞች ኢተን የሚባል ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት አላቸው፤ ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1440 ያቋቋመው 70 ድሃ ልጆች በነጻ እንዲማሩበት ነበር። ዛሬ የመኳንንቱና የባለጸጋው ልጅ ይማርበታል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጥሎ የዚያ አገር ወላጅም እየጮኸ ነው። አባትየው በእንግሊዝ ወላጅ መጮህ ደስ አለው፤ በአንድ ነገር እንኳን እኩል ሆነናል። አያት ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛቸው፤ «እነዚያ ሰባዎቹ የድሃ ልጆች የት ሄዱ?» አሉ። ሰባ ቦታ ዛሬም በፈተና ለሚያልፉ እንደሚሰጥ ነገራቸው። «ድሃ መሆናቸውንስ ማን ይፈትናል?» አሉት። ለስላሳው በዚህ መሐል ደረሰና የለንደኑ ዘመዳችን ዳነ።

እንግሊዝ ከተነሣ አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። ዊንጌት የሚባለው የጦር መኮንን በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ጣሊያንን እየገፋ የመጣው በእኛው በጎጃም፣ በቡሬና በደምበጫ ነው። ስሙን የያዘው አዳሪ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት ግን የተከፈተው አዲስ አበባ ነው። ጎጃም መንገዱን ሰጠ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቱን ወሰደች።

የልጁ ሌላው አያት፣ በአባቱ በኩል ያሉት፣ መሪጌታ ናቸው። እስካሁን ዝም ብለው ጠላቸውን ይጠጡ ነበር። «እኔ አዳሪ ስገባ ለአባቴም አልነገርሁ» አሉ። ጎጃም አዳሪ ትምህርት ቤትን ዛሬ አላወቀችውም። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ የሚባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ አዳሪ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም ፊደል የቆጠሩት በእንዲህ ዓይነቱ ደብር ነው። ልዩነቱ መራጩ ልጁ መሆኑ ነው። የአንድ የቅኔ መምህር ዝና ከሰማ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ ሌሊት ይጠፋል። እደርሳለሁ ያለበት ሲደርስ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል። ለምግቡ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የምግብ ቤቱን ጥራት የሚቆጣጠረው የመንደሩ ውሻ ነው። ሁለት ቤት (መስመር) ባለው ጉባኤ ቃና በሚባለው ቅኔ ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ቅኔ ይቆጥራል። መምህሩ ካልጣሙት ደግሞ መጥሪያም መልቀቂያም ሳይጠይቅ ዱላውን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዋሸራ የነበረው ጎንጅ፣ ጎንጅ የነበረው ዋድላ ይገኛል። መምህሩም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ያስተምራሉ።

አይዟችሁ፣ «ድሮ ቀረ» ልል አይደለም። እከክ ነበር፣ ረኃብ ነበር፣ ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ዓመት የምታስቆጥር እናት ነበረች። መሪጌታም ይህን አልደበቁም፤ ባታቸው ላይ ያለውን የውሻ ንክሻ ገልጠው አሳዩን፤ ስለ መንደሩ ሲናገሩ እስካሁን ቂም አለባቸው።

በነገራችን ላይ ልጁ ታላቅ እህት አለችው። 9ኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፣ ለስላሳውን የቀዳችልን እሷ ናት። እሷን አዳሪ ስለማስገባት አንድ ሰው ቃል አልወጣውም። እኔ ባነሣው «ሴት ልጅ? አዳሪ?» ተባልሁ። ይህ የሚባለው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ወንድ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ቅኔ ባስተማሩበት በጎጃም ነው። መሪጌታ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሁለተኛ ብርጭቆ ከቀረበላቸው ወዲህ ዝም አሉ።

ወደ ጉብኝቱ እንሂድ። የጎበኘነውን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ ልጁ ገና ማመልከቻ አለው። መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ስለሆነ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን ሄድን። ግቢው ጽዱ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ቤተ ሙከራው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው መምህሩ ዘንድ ነው፣ መምህሩ ያሉት ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ ከአቧራ እንዲጠበቁ በፕላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ከተማሪም ጭምር ተጠብቀዋል። ከዚያ ተማሪው ይዞ የሚመጣው ዕቃ ዝርዝር ተሰጠን። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ነጭ ካልሲ ስድስት ጥንድ። የመስከረምን የጎጃም ጭቃ የሚያውቅ ሰው ነጭ ካልሲ እንዴት እንዳሰበ እንጃ። ከዝርዝሩ በታች ግን በደማቅ ቀለም የተጻፈው ሁላችንንም አስደነገጠ፤ «በሶ ይዞ መግባት ክልክል ነው»።

አያት መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። በሶ! ሠራዊት የዘመተበት፣ የቆሎ ተማሪ የተሻገረበት በሶ! ምክንያቱን ጠየቁ። አይጥ ይጠራል ተባሉ። «ታዲያ አይጡን ከልክሉዋ!» አሉ። ደንብ ነው ተባሉ። ደንቡን ማን እንዳወጣው ጠየቁ። ዘበኛው በዚህ ጊዜ ፊሽካውን ነፋና ሌላ መኪና ሊያስገባ ሄደ። እሳቸው ደግሞ የትራሱን ውስጥ ማን እንደሚፈትሽ በቀስታ ሲያጣሩ ሰማሁ። ትራስ እንደማይፈተሽ ሲያረጋግጡ ለትምህርት ቤቱ የነበራቸው አስተያየት በጣም ተሻሻለ።

ግድግዳው ላይ «በ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቻችንን ሁሉ አሳልፈናል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባትየው ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሣ። እኔ የመግቢያውን መስፈርት አነበብሁ፤ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከዘጠና በላይ ያመጣ፣ ከዚያም የትምህርት ቤቱን የራሱን ፈተና ያለፈ፣ ከዚያም ቃለ መጠይቁን የተሻገረ። እኛ ትምህርት ቤት ልንመርጥ ብድር ተበድረን መጥተናል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እኛን እያበጠረ ነው። የአደትን ማኛ ጤፍ ከገበያ ገዝቶ «ከእርሻዬ ነው» ከሚል ገበሬ በምን ይለያል? ቤቱ ቢቀመጥም ያልፍ የነበረ ልጅ ይገባል፣ ያልፋል፣ ፎቶው ይሰቀላል። አዳሪ የሚያስፈልገው፣ ቤቱ መብራትና ጸጥታ የሌለው፣ መካከለኛ ውጤት ያለው የገበሬ ልጅ ከበሩ ይመለሳል። የእህቴ ልጅ ሰባ አንድ ነው ያመጣው፤ ይህን ለአባቱ እስካሁን በግልጽ የነገረው የለም።

ስለዚህ እናንተም ለጉብኝት ከሄዳችሁ የወላጆች ቀን አትሂዱ፤ ያን ቀን ሥጋ ይሠራል። ተራ ረቡዕ ሂዱ። ከርእሰ መምህሩ በፊት ወጥ ሠሪዋን አናግሩ፤ እሷ ስንት ልጅ ምግብ እንደሚተው ታውቃለች። ልጅ ሌሊት ቢያተኩሰው በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ያለፉትን አትጠይቁ፣ እነሱ በግድግዳው ላይ አሉ፤ የሄዱትን ጠይቁ።

እኔ ጠይቄያለሁ። ርእሰ መምህሩ ትሑት ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡን። «9ኛ ክፍል ስንት ልጅ ገብቶ፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ እዚሁ 12ኛ ክፍል ደርሶ ተፈተነ?» አልኋቸው። ጥያቄው በጣም ጥሩ እንደሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ወላጅ እንደሚወዱ ነገሩኝና ሻይ አዘዙ። ሻዩ በቅርንፉድ ነበር፣ ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛም ታዘዘ። ቁጥሩን ከመዝገብ አስፈልገው በስልክ ሊነግሩኝ ስልኬን ጻፉ።